የሴሎች ኡኡታ፦ ቲኤንኤፍ የሚባለው ፕሮቲን ሲያድንና ሲገድል

(ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ፕሮቲን ላወራችሁ ነው። ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች «ፈተና ላይ ይወጣል ወይ?» በሚል ዓይን እያዩኝ ነው። ይወጣል። ከኋላ የተቀመጣችሁት እናቶችና አባቶች ግን ፈተና የለባችሁምና ወሬዬን ከአንድ በሽተኛ ልጀምርላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አደራ እንዳታምታቱት።

ኢንተርን ሳለሁ ነው፤ ክረምት፣ ሐምሌ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ በአክስቱ ተደግፎ መጣ። ለቀን ሥራ ከገጠር የመጣ ነው። ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ያድራሉ፤ ዝናቡም አላባራ ብሎ ልብሱ ውኃ ከነካው ሰንብቷል። አምስት ቀን ሙሉ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ወገቡንና ቅልጥሙን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገዋል። ዓይኑ ቢጫ መትቷል። የሹራቡን ስፌት ገልበጥ ስናደርገው ቅማሉ ተሰልፏል። ደሙን ስላይድ ላይ ቀብተን በማይክሮስኮፕ ስናይ በቀይ የደም ሴሎቹ መሀል እንደተጠማዘዘ ክር የሆኑ ባክቴሪያዎች ተበትነዋል። ሳይንሳዊ ስማቸው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው፤ በሽታውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግርሻ ነው።

ግርሻ ለማከም ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ይበቃዋል። ወጋነው። አክስቱ «ተመስገን» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ልጁ አልጋው እስኪንገጫገጭ ድረስ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ብርድ ልብስ ደረብንበት፣ አክስቱ የራሷን ጋቢ ጨመረችበት፤ ምንም። ትኩሳቱ 41 ገባ። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲተወው ላብ አጠመቀው፣ የደም ግፊቱም ቁልቁል ወረደ። አክስቱ የሲስተሯን እጅ ይዛ «ደህና ነበረ እኮ! ምንድነው የወጋችሁት?» አለቻት።

ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም። ልጁ ደሙ በባክቴሪያ ተሞልቶ በእግሩ ነው የመጣው። ባክቴሪያው መሞት ሲጀምር ነው እሱ ለሞት የቀረበው። ሐኪም ቤት የሚፈራ ሰው ይህን ቢያይ «አላልኳችሁም?» ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ የሚጠራው በሁለት የቆዳ ሐኪሞች ስም ነው፦ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር። ሁለቱም ያዩት ግርሻ ላይ አልነበረም፤ የቂጥኝ በሽተኞች ሜርኩሪ ሲሰጣቸው ቁስላቸው በመጀመሪያ ብሶበት ነው። (ካርል ሄርክስሃይመር የፍራንክፈርት አይሁዳዊ ፕሮፌሰር ነበር፤ በ1942 በናዚዎች ማጎሪያ በቴሬዚንሽታት ሞተ። ስሙ ረዘመብን ብላችሁ ስታማርሩ ይህንንም እወቁለት።) የሆነውን አይተው ጽፈዋል፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ገጠር ላደገ ሰው ኡኡታ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሌሊት ጅብ በረት ሲገባ አንዱ «ኡኡ!» ይላል። ጎረቤቱ ጅቡን አላየውም፤ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ እሱም በተራው «ኡኡ!» ይላል። ጥቂት ቆይቶ መንደሩ ሁሉ ደጅ ነው። ጅቡ ሊባረር ይችላል፤ ሲነጋ ግን የጓሮው ጎመን ተረጋግጦ፣ አጥሩ ተጥሶ ይገኛል። የጎመኑ ባለቤት ማንን ይክሰስ? ጅቡ ጎመን አልነካም።

ሴሎቻችንም የሚጠራሩት እንዲሁ ነው። ማክሮፋጅ የሚባለው ነጭ የደም ሴል የባክቴሪያ ቁራጭ ሲያገኘው ከሚያሰማቸው ጥሪዎች የመጀመሪያውና ኃይለኛው ቲኤንኤፍ ነው፤ በሙሉ ስሙ ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር። ትርጉሙ «ዕጢን የሚያከስም» እንደ ማለት ነው፤ ይህ ስም እንዴት እንደወጣለት ካልነገርኳችሁ ያሳስታችኋል።

በ1891 ዊልያም ኮሊ የሚባል የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም ዕጢ ላለበት ሰው ሆን ብሎ ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። ዕጢው ያለበት አንድ በሽተኛ ሌላ የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት በኃይል ካተኮሰው በኋላ ዕጢው መጥፋቱን ከመዝገብ አግኝቶ ነው። ዛሬ ቢሆን ፈቃዱን የሚቀሙት ይመስለኛል፤ ግን የተሳሳተ ነገር አላየም። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በ1975፣ እዚያው ኒውዮርክ ስሎን ኬተሪንግ በሚባለው የካንሰር ማዕከል ውስጥ ሎይድ ኦልድ፣ ኤልዛቤት ካርስዌልና ባልደረቦቻቸው አይጦችን በቢሲጂ (አዎ፣ ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን ያው ክትባት) ከዚያም በባክቴሪያ መርዝ ወግተው፣ የደማቸው ውኃ የሌላ አይጥ ዕጢ እንደሚያከስም አሳዩ። ስሙን ያወጡለት እነርሱ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላኛው መንገድ ነው። ከብት አርቢ ያለበት ቤተሰብ ገንዲን ያውቃል፤ በቆላ ዝንብ የሚመጣ፣ ከብቱን አጥንቱ እስኪቆጠር የሚያከሳ። የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ ሴራሚ የገንዲን ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ አንድ ነገር ገረመው፦ እንስሳው ደም ውስጥ ያለው ተሕዋስ ጥቂት ሆኖ ሳለ ክሳቱ ከልክ በላይ ነው። እንግዲህ የሚያከሳው ተሕዋሱ ሳይሆን ከራሱ ከእንስሳው የሚወጣ ነገር መሆን አለበት አለ። ያንን ነገር «ካኬክቲን» አሉት፤ «መጥፎ የሰውነት ሁኔታ» ከሚል የግሪክ ቃል። ብሩስ ቦይትለር የተባለ ወጣት ሐኪም አብሮት ሆኖ ፕሮቲኑን አጣርተው ቢያወጡት፣ በ1985 ያው ቲኤንኤፍ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዕጢ የሚገድል መድኃኒት ሲፈልግ፣ ሌላው ከብት የሚያከሳ መርዝ ሲፈልግ፣ አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። በዚያው ዓመት እነ ቦይትለር ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ (የተመረጠ ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) አስቀድመው የወጓቸው አይጦች፣ ገዳይ መጠን ያለው የባክቴሪያ መርዝ ሲሰጣቸው ከሞት ሲተርፉ አሳዩ። መርዙ እዚያው አለ፤ የተያዘው ኡኡታው ብቻ ነው።

አሁን ተማሪዎቹ ደብተር አውጡ፤ ሌሎቻችሁ ለአምስት ደቂቃ ታገሡኝ።

ቲኤንኤፍ 157 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ሰንሰለት ነው፤ ሦስቱ ተቃቅፈው ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ሴሉ ገላ ላይ ተሰክቶ ይወጣል፤ ከዚያ ቴስ የሚባል ኢንዛይም እንደ መቀስ ቆርጦ ይለቀዋል። ሰሚው ሴል ጆሮ አለው፤ ሁለት ዓይነት። የመጀመሪያው ተቀባይ በሁሉም ዓይነት ሴል ላይ ማለት ይቻላል አለ፣ ሁለተኛው በይበልጥ በመከላከያ ሴሎች ላይ። ሦስቱ ተቃቅፈው ሲመጡ ሦስት ጆሮዎችን አንድ ላይ ይሰበስባሉ፤ የሴሉ ውስጥ የሚነቃው ጆሮዎቹ ሲጠጋጉ ነው።

እዚህ ላይ ሰሚው ሴል ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው መንገድ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይሰዳል፤ እሱ ጂኖችን ቀስቅሶ «ኑር፣ ታጠቅ፣ ሌሎችንም ጥራ» ያሰኛል። ሁለተኛው መንገድ ካስፔዝ-8 በሚባለው ኢንዛይም በኩል ሴሉ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ያደርጋል። ጥሪው አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሰሚው ሴል በዚያች ሰዓት ያለበት ሁኔታ ነው። ፈተና ላይ «ቲኤንኤፍ ሴል ይገድላል፦ እውነት ወይስ ሐሰት» የሚል ጥያቄ ቢመጣባችሁ ጥያቄውን ያወጣውን መምህር ጠይቁልኝ።

እሾህ ጣታችሁን ሲወጋችሁ ይህ ሁሉ እዚያች ጣት ላይ ያልቃል። በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳቸው እንደ ሙጫ የሚይዝ ይሆናል፣ በሩም ይከፈታል፤ ነጭ የደም ሴሎች ተሻግረው ይገባሉ። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ጤና ነው ይሄ። ኡኡታው በአንድ ጊዜ በደም ውስጥ ሲለቀቅ ግን በመላው ሰውነት ያሉት የደም ሥሮች አብረው በራቸውን ይከፍታሉ፤ ውኃው ከሥሩ ወደ ሥጋ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አንጎል ደግሞ «ሙቀት ጨምር» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ልጁን አስታወሳችሁት?

የልጁ ነገር በወረቀት የተመለሰው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቆም ልበልበት። በ1992 የታተመ ጥናት ግርሻ ይዟቸው ፔኒሲሊን የተሰጣቸውን ኢትዮጵያውያን በሽተኞች ደም እየቀዳ ለካ። መንቀጥቀጡ የመጣባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቲኤንኤፍ፣ ቀጥሎም ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 የሚባሉት ዘመዶቹ ከገቡበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ጨምረው ተገኙ። ግን አብሮ መገኘት ጥፋተኛ አያደርግም፤ በእሳት አደጋ ቦታ ሁሉ የእሳት አደጋ መኪና አለ። ጥፋተኛ መሆኑን ለማወቅ ከመሀል ማውጣት ያስፈልጋል።

ያንን ያደረጉት ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ፣ የኦክስፎርዱ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሥራው አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ1996 ታተመ። በበግ ሰውነት ውስጥ የተመረተ፣ ቲኤንኤፍን የሚይዝ የአንቲቦዲ ቁራጭ ወስደው ከፔኒሲሊኑ በፊት ለ20 በሽተኞች ሰጡ፤ ሌሎቹ 29 የማነጻጸሪያ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ከ29ኙ 26ቱ ተንዘፈዘፉ። አንቲቦዲውን ካገኙት 20 ግን 10ሩ ብቻ። በሽታው ያው፣ ባክቴሪያው ያው፣ ፔኒሲሊኑ ያው፤ የተቀነሰው አንድ መልእክተኛ ነው። ቲኤንኤፍ በሰው ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከሚያሳዩት ጥርት ያሉ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ከኛው ክፍሎች የወጣ ሥራ ሆኖ ሳለ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ሳይሰሙት መመረቃቸው ያናድደኛል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከባክቴሪያው ገላ ላይ ኡኡታውን የሚያስነሣው የትኛው ክፍል እንደሆነ ታወቀ። የላይ ልብሱ ነው፤ የሚቀያየር ሊፖፕሮቲን (ስብ የተያያዘበት ፕሮቲን)። ግርሻ ለምን ያገረሻል? ሰውነታችን ባክቴሪያውን በልብሱ ለይቶ ሲያጠፋው፣ ልብስ የቀየሩት ጥቂቶች ተርፈው እንደገና ስለሚራቡ ነው። በሽታውን ስሙን ያሰጠውና መንቀጥቀጡን የሚያመጣው አንድ ልብስ ነው ማለት ነው።

አሁን «ታዲያ ለከባድ ኢንፌክሽን ሁሉ ይኼን አንቲቦዲ መስጠት ነው!» ትሉኛላችሁ። እነርሱም እንዲያ ብለው ነበር። በ1990ዎቹ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ ማለት ነው) ይዟቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተለያዩ ጥናቶች ፀረ-ቲኤንኤፍ ተሰጣቸው፤ የተጠበቀው ተአምር አልመጣም። ጋምቢያ ውስጥ የአንጎል ወባ የያዛቸው ከ600 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞከረ፤ ሞት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከተረፉት መካከል አንቲቦዲውን ባገኙት ላይ የነርቭ ጉዳት በዝቶ ታየ። አንዱ ማብራሪያ የሰዓት ጉዳይ ነው። የሴፕሲስ በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲደርስ ቲኤንኤፍ ጮኾ ጨርሷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ግርሻ ላይ ግን ኡኡታው መቼ እንደሚነሣ በደቂቃ እናውቃለን፤ የምናስነሣው እኛው በመርፌያችን ነዋ! አስቀድሞ መጠበቅ ይቻላል። የአዲስ አበባው ሥራ የተሳካው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውድቀት በኋላ ፀረ-ቲኤንኤፍ የተሳካው ማንም ባላሰበው በሽታ ላይ ነው።

አንዲት እናት አሉ፤ የማውቃቸው፣ ጎረቤት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው አይታዘዙም፤ ቡና ሲቀዱ ጀበናውን በሁለት እጃቸው ነው የሚያነሡት፣ እስከ ረፋድ ድረስ። ጉልበታቸው ቢያማቸው ኖሮ ዕድሜ ነው ይባል ነበር፤ የእሳቸው ግን የእጅ ጣቶችና የእጅ አንጓ ነው፣ በሁለቱም በኩል እኩል ያበጠ። ሠፈር «ብርድ ነው» አላቸው፣ ቅባት ተቀቡ፣ ጠበልም ተጠመቁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። እዚህ ጅብ የለም። ማንም ሳይመጣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሌሊትና ቀን ኡኡ ይባላል፤ ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ወጥቶ የገዛ አጥሩን ይነቅላል።

ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከእንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሴል ወስደው ሳህን ላይ አኖሩት። ሴሎቹ ብዙ ዓይነት መልእክት ያመርታሉ፤ የዚያን ጊዜ አስተያየት «አንዱን ብትይዘው ሌላው ይተካዋል» የሚል ነበር። በ1989 ያተሙት ውጤት ግን ቲኤንኤፍን ብቻ ሲይዙት ኢንተርሉኪን-1ም አብሮ ወረደ። የኡኡታው አውጪ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። በ1992 ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኞች መስጠት ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ጥናት የታከሙት 20 ሰዎች እብጠታቸውና ሕመማቸው ቀነሰ፣ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ደግሞ ተመለሰባቸው። ሐዘን ይመስላል፤ ለተመራማሪ ግን ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ኢንፍሊክሲማብና ኢታነርሴፕት በ1998፣ አዳሊሙማብ (ሁሚራ የሚባለው) በ2002 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ኢታነርሴፕት ብልሃቱ ያስቀኛል፤ አንቲቦዲ አይደለም፣ ሐሰተኛ ጆሮ ነው፤ በደም ውስጥ እየተንሳፈፈ ጥሪውን ሰምቶ ለማንም አይናገርም። እነዚህ መድኃኒቶች ለሶራይሲስ (የቆዳ በሽታ ነው)፣ ለአከርካሪ ቁርጥማትም፣ ከኢታነርሴፕት በቀር ደግሞ ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት በሽታም ሆነዋል። ሁሚራ ከዓለም በብዛት ከተሸጡት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። እኚያን ጎረቤቴን ብትጠይቁኝ፣ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን በሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ነው የሚታከሙት፤ የፀረ-ቲኤንኤፉ ዋጋ የእሳቸውን ቤት የሚያውቅ አይደለም።

ዋጋው ባይሆንም ግን እኛን የሚመለከት ሌላ ጣጣ አለ፤ ቲቢ።

የቲቢ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ይታሠራል። ነጭ የደም ሴሎች ዙሪያውን ከበው ግራኑሎማ የሚባል እስር ቤት ይሠሩለታል፤ ሰውየው ሳያውቀው ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ዘበኞቹን በቦታቸው የሚያቆማቸው ማን ይመስላችኋል? ቲኤንኤፍ ነው። በ2001 የወጣ ሪፖርት ኢንፍሊክሲማብ ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል 70 የቲቢ ታማሚዎችን ቆጠረ፤ አብዛኞቹ የታመሙት ገና ሦስተኛውን መርፌ ሳያልፉ ነው፤ በ40ዎቹም ቲቢው ከሳንባ ውጭ ተገኘ። ዘበኛውን ዝም ሲያሰኙት እስረኛው በር ከፍቶ ወጣ። ዛሬ ማንም ጠንቃቃ ሐኪም ድብቅ ቲቢን ሳይመረምር ይህን መድኃኒት አይጀምርም።

ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላይ ዘመድ ያላችሁ፣ ሐኪሙ «ለመገጣጠሚያሽ ባዮሎጂክ (እንደ ፀረ-ቲኤንኤፍ ያለ መድኃኒት) ልጀምርልሽ» ካላት ያደገችው ኢትዮጵያ መሆኑን፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ እንደነበረ ትንገረው። ብዙ ሰው ይህን ማውራት ያፍራል። «ቢሲጂ ተከትቤያለሁ» ማለት አይበቃም፤ በቆዳ የሚደረገውን ምርመራ ደግሞ ቢሲጂ ራሱ ሊያሳስተው ስለሚችል በደም የሚደረገውን መጠየቅ ይሻላል።

ዝም ማሰኘት ይህን ካመጣ፣ ታዲያ ማስጮኹ ይሻላል? እሱም አይደለም። ላሊታ ራማክሪሽናንና ባልደረቦቿ ዚብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ በ2012 ሲያሳዩ፣ ቲኤንኤፍ ያነሰባቸውም የበዛባቸውም ዓሦች የቲቢው ዘመድ የሆነው ባክቴሪያ አሸነፋቸው። ሲያንስ ማክሮፋጁ ባክቴሪያውን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ሲበዛ ማክሮፋጁ ራሱ ፈንድቶ ባክቴሪያውን ለሜዳ ይሰጠዋል።

ጥያቄ ስፈቅድ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አንድ አባት ናቸው። «ዶክተር፣ የበጉን መድኃኒት ለግርሻ አሁን ትሰጣላችሁ ወይ?» አሉኝ።

አንሰጥም። ጥናቱ ምክንያቱን አሳየን እንጂ እንዲያ ያለ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። እኛ የምናደርገው በደም ሥር ፈሳሽ ማዘጋጀት፣ ግፊቱን በየጊዜው መለካትና አስታማሚውን ከመርፌው በፊት «ሊንቀጠቀጥ ነው፣ አትደንግጪ» ብሎ መንገር ነው። የልጁን አክስት ማንም አልነገራትም ነበር፤ ያ ጥፋት የእኔ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ተማሪዎች ይህን ጻፉት። ልጁ ሲያልበውና ሲቀለው ጊዜ «ሽንቴ መጣ» ብሎ ተነሥቶ ሊሄድ ነበር። የሚወድቁት ያኔ ነው፤ የደም ሥሩ ገና በሩን አልዘጋም። 24 ሰዓት ከአልጋ አይወርድም። ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው ቢላችሁም፣ ዕቃውን አልጋው ሥር አኑሩለት።